ኪዋኑካ በማን ስም ጠየቀ?

የቤኔዲክቶ ኪዋኑካ ዴሞክራቲክ ፓርቲ በማርች 1961 እ.ኤ.አ. የኡጋንዳን ምርጫ አሸነፈ። የሚያስጨንቀኝ ያሸነፈበት መንገድ ነው። በካምፓላ መንጎ ኮረብታ የተቀመጠው፣ በኡጋንዳ ውስጥ ያለው የቡጋንዳ ንጉሣዊ መንግሥት ሕዝቡ ከምርጫው እንዲቀር ስላዘዘ፣ በቡጋንዳ የተመዘገበው ሰው ከመቶ አምስት አይሞላም ነበር። ፓርቲው በዚያ ጥቂት ድምፅ ከ21 መቀመጫ 20ውን ወሰደ። በአገር አቀፍ ድምፅም የሚልተን ኦቦቴ ፓርቲ በልጦት ነበር። ታዲያ ይህ ሰው እንግሊዞችን «ራሳችንን እናስተዳድር» ብሎ ሲሞግት የማንን አደራ ይዞ ነው?

በመጀመሪያ ለመንጎ አደላሁ። እንግሊዞች በ1953 ካባካውን፣ ማለትም የቡጋንዳን ንጉሥ ሙቴሳን፣ ከአገሩ በግዞት ሲያስወጡት ያየ ሕዝብ፣ ንጉሡ በአዲሱ ፓርላማ እንዳይዋጥበት ቢፈራ አይፈረድበትም። ይሁንና ሊመዘገቡ በወጡት ላይ ዛቻ ደርሷል፤ ሰብላቸው የተቆረጠባቸውም ነበሩ። ካባካውን ወዶ ከቀረው መካከል ፈርቶ የቀረውን በምን እለየዋለሁ?

መልሱ በፌብሩዋሪ 1962 በተደረገው የሉኪኮ፣ ማለትም የቡጋንዳ ምክር ቤት ምርጫ መጣ። ካባካ የካ የተባለው የንጉሡ ወገን ከ68 መቀመጫ 65ቱን አገኘ። ዝምታው በአብዛኛው የመንጎ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ላስተባብል አልችልም።

ስለዚህ የመግዛትን መብት ከመጠየቅ መብት ለየሁ። የመግዛት መብቱ ስስ ነበር። ነገር ግን ባዕድ ገዥ አገሬን ይልቀቅ ለማለት የብዙኃን ድምፅ የግድ ነውን? እንግሊዛዊውን ገዥስ ማን መረጠው? ኪዋኑካ የጠየቀው ላልመረጡትም ጭምር ነበር፤ በማርች 1 ቀን 1962 የውስጥ አስተዳደር ነጻነት ሲገኝም የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በኤፕሪሉ አገር አቀፍ ምርጫ ተሸነፈና ሥልጣኑን ለኦቦቴ ለቀቀ። ኦክቶበር 9 ነጻነት ሲታወጅ የፓርላማ ወንበር እንኳ አልነበረውም።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልተፈታልኝም። የቡጋንዳን የፓርላማ አባላት ሕዝቡ በቀጥታ ሳይሆን ሉኪኮው እንዲመርጥ ለንደን ላይ ተፈቅዶ ነበር፤ ኪዋኑካም ይህን አጥብቆ ተቃውሟል። ሉኪኮው 21ዱንም መቀመጫ ለካባካ የካ ሰጠ። ኪዋኑካ ራሱ ሙጋንዳ፣ ማለትም የቡጋንዳ ሰው ነበር። እንደ እሱ ካባካ የካን ያልመረጡት ባጋንዳዎች ጥቂትም ቢሆኑ፣ በአዲሱ ፓርላማ አንድ ወኪል እንኳ ሳያገኙ የቀሩት በየትኛው ፍትሕ ነው?