የሰለቹትን ስለ መተው

ለዓመታት ሲወዱት የኖሩት ጨዋታ አንድ ቀን ጣዕሙን ቢያጣ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? ጎልፍ ተጫዋቹ ዱላውን ይዞ ሜዳ መውጣት ሸክም ይሆንበትና «ልተወው ወይስ ልቀጥል?» እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ጎልፍ በአገራችን የጥቂቶች ጨዋታ ነው፤ ሙግቱ ግን የጥቂቶች አይደለም። በደምበጫ ዙሪያ ባለው የጎጃም ደጋም በዱላና በጥንግ የሚጫወቱት የገና ጨዋታ አለ። ጤፉ ታጭዶ፣ ማሳው ለከብት ተለቆ፣ ጾመ ነቢያት ሊፈታ ሲቃረብ ጎረምሳው ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዞ ሜዳ ይወርዳል፤ መንደር ከመንደር ይገጥማል። በወጣትነቱ ከዚያ ሜዳ ጠፍቶ የማያውቅ ሰው ጎልማሳ ሲሆን ልቡ ይቀዘቅዛል። ጉልበቱ ሳይከዳው፣ ማንም ሳይከለክለው፣ እንዲሁ ፍላጎቱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ከመሰልቸቱ ጋር እፍረትም ይመጣል፤ የጀመረውን የጣለ፣ ባልንጀሮቹን የከዳ፣ ቃሉን ያጠፈ ሰው የሆነ ይመስለዋል። ይህ እፍረት ተገቢ ነው ወይ? እኔ ተገቢ አይደለም እላለሁ፤ ጨዋታ ዕዳ አይደለምና። ይሁን እንጂ የመተዉ ውሳኔ በዚያው በስልቹነቱ ሰዓት የተወሰነ ከሆነ ሊታመን አይገባም።

አስቀድሞ ስሜት ለምን እንደሚቀዘቅዝ ማየት ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ቅዝቃዜውን የባሕርይ ጉድለት አድርጎ ይቈጥረዋልና። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ 10ኛ ክፍል ይህንኑ ያነሣል። አዲስ ነገር የሚያስደስተን አእምሯችን በሙሉ ኃይሉ ስለሚነቃበት ነው፤ ነገሩ ሲለመድ አእምሮ ይዘናጋል፣ ደስታውም አብሮት ይደበዝዛል ይላል። እንግዲህ መቀዝቀዝ የሰው ልጅ ሁሉ ዕጣ ነው፤ በአንድ ሰው ላይ እንደ ክሕደት የሚመዘገብ ጥፋት የለበትም። ፈላስፋው በዚያው ክፍል ጨዋታ የሚያስፈልገው ለዕረፍት ነው፣ ዕረፍትም መልሶ ለሥራ ነው ብሎ ያስተምራል። በዚህኛው ነጥብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ገናን በቅርብ ያየ ሰው ጨዋታ ከድካም ማገገሚያ በላይ መሆኑን ያውቃል። በገና ሜዳ ጌታ በሎሌው አይቆጣም የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ለጥቂት ሰዓታት ማዕርግ ይወርዳል፣ ባለ ርስቱም ሎሌውም አንዲቱን ጥንግ ያሳድዳሉ፣ ተረቺው ይሰደባል፣ ተሰዳቢውም ይስቃል። ይህ ነጻነት በራሱ መልካም ነገር ነው፤ ለሌላ ጥቅም ሲባል ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ነገር ግን መግቢያውን ነጻ ያደረገው ነገር መውጫውንም ነጻ ያደርገዋል። ጌታ የሌለበት ሜዳ አስገዳጅም ሊኖርበት አይችልም። በፍርሃት ወይም በይሉኝታ ሜዳ የሚወርድ ሰው ካለ፣ ከሜዳው ውጭ ቀርቶ የነበረው አዛዥ በሌላ በር ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው።

«መንፈሳዊው ሕይወት እስከ መጨረሻው መጽናትን አይደል የሚያስተምረው?» የሚል ይኖራል። ያስተምራል፤ የሚያስተምረው ግን ቦታ ለይቶ ነው። ለዚህ ከጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው ከቅኔ ጋር የተሳሰረ ነው። የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምርና በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ አድርጎ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ቅኔውን ሲቈጥር ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ ያልሰመረው ይታረምለታል፣ የፈረሰውን እንደ ገና ይሠራዋል። ከዚህ የበለጠ ትጋት የሚጠይቅ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ተማሪው በማንም መዝገብ አልታሰረም። አንዱ መምህር ካልተስማማው ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ቅኔው ካልሆነለት ወደ ዜማው ወይም ወደ አቋቋሙ ይሄዳል፤ ሁሉንም ትቶ ወደ አባቱ እርሻ የሚመለስም አለ። ይህን ሰው ቤተ ክርስቲያን ከሃዲ አትለውም። መነኩሴው ግን ሌላ ነው። እርሱ አስቀድሞ በአመክሮ ይፈተናል፤ ሲመነኩስም በሕይወት ሳለ ለሙታን የሚደርሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደርስለታል፣ ለዓለም እንደ ሞተ ይቈጠራል። ተማሪውን ያላላችለት፣ መነኩሴውን ያጠበቀችበት ያችው አንዲት ቤተ ክርስቲያን ናት። የምትለካው የትጋቱን ብዛት ቢሆን ኖሮ ተማሪውንም ባሰረችው ነበር። የምትለካው የተገባውን ቃል ነው። ለጨዋታ ደግሞ በመሠዊያ ፊት ቆሞ ቃል የገባ ሰው የለም።

ቃል በተገባበትም ነገር ቢሆን በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። መጽሐፈ መክብብ ስለትን በችኮላ ከመሳል አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 27 ግን ለእግዚአብሔር የተሳለ ሰው በዋጋ የሚዋጅበትን ሥርዓት በዝርዝር ያስቀምጣል። ከ20 እስከ 60 ዓመት ለሆነው ወንድ 50 ሰቅል ብር፣ ለሴት 30 ሰቅል ነው፤ ችግረኛ ከሆነ ደግሞ ካህኑ እንደ አቅሙ ይገምትለታል። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 30 በአባቷ ቤት ያለች ልጅ የተሳለችውን አባቷ በሰማበት ቀን ሊያስቀርላት እንደሚችል ይደነግጋል። ስለትን ያህል ከባድ ነገር መዋጃ የተበጀለት ሰው በአንድ ዘመን የተናገረውን በሌላ ዘመን ሊሸከመው የማይችልበት ጊዜ ስለሚመጣ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ፣ ከደምበጫ ብዙ በማትርቀው በማንኩሳ የተወለደው በዛብህ ወላጆቹ በተሳሉት ስለት ታስሮ ያድጋል። ቃሉን የገባው እርሱ አልነበረም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን እርሱ ነው። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ልቡ የሚያዝነው ለዚህ ነው፤ እኔም በዛብህን ለመኰነን አንደበት የለኝም። ብዙ ሰው ሳያስተውለው በጨዋታው ላይ ራሱን እንዲህ ያስራል። የ18 ዓመት ጎረምሳ በፍቅር የጀመረውን የ45 ዓመት ጎልማሳ ስለት አድርጎ ይከፍለዋል፤ ያውም ማንም ሳይጠይቀው።

ይህ ሁሉ የመተው መብት እንዳለን ያሳያል። መብት ያለው ሰው ሁሉ ግን በትክክለኛው ሰዓት አይወስንም፤ አባቶች የተጠነቀቁትም እዚህ ላይ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሓ የኖረው መነኩሴ ኤዋግርዮስ የስልቹነትን ፈተና እንደ ሐኪም ተከታትሎ ጽፎታል። ፈተናው መነኩሴውን የሚይዘው ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ነው ይላል፤ አቈጣጠሩ እንደኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነውና ሰዓቱን ማስላት አያስፈልገንም። ፀሐይዋ የቆመች ትመስለዋለች፤ በአቱን ይጠላል፤ ሊጎበኘው የሚመጣ ወንድም እንዳለ ደጋግሞ ወደ ውጭ ያያል፤ ሌላ ቦታ ቢሄድ የተሻለ ሰው እንደሚሆን ያስባል። መዝሙረ ዳዊት 90 ላይ ያለው የቀትር ጋኔን ይህ ነው ብለው አበው ተርጕመውታል። ከኤዋግርዮስ በኋላ በ7ኛው መቶ ዘመን የነነዌ ጳጳስ የነበረው፣ መጽሐፉ በገዳሞቻችን ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ሆኖ የሚተረጐመው ማር ይስሐቅ ለዚህ ሰዓት የሰጠው ምክር የርኅራኄ ምክር ነው። መጸለይ ካቃተህ ራስህን በልብስህ ሸፍነህ ተኛ፣ ጨለማው እስኪያልፍ ከበአትህ ብቻ አትውጣ የሚል ሐሳብ ነው ያለው። መነኩሴው በግድ ደስ እንዲለው አያዝዘውም። ውሳኔውን ለሌላ ሰዓት እንዲያቆየው ብቻ ይለምነዋል። የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ታሪክ ከዚህ ጋር ማስተያየት ይቻላል። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት ሩጫውን አቋረጠ፤ በዚያው ቀን ሩጫ በቃኝ አለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሐሳቡን ለወጠ፣ ወደ ውድድርም ተመለሰ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. በማንችስተር ከሮጠ በኋላ ከውድድር መሰናበቱን ሲናገር ግን ነገሩ ጸና። የመጀመሪያው ውሳኔ የሕመሙ ነበር፤ ሁለተኛው የራሱ ነው። ሁለቱም መተው ነበሩ፤ የለያቸው የተወሰኑበት ሰዓት ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ከወንጌል የሚነሣው ነው። ጌታ እርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚያርስ ሰው ለእግዚአብሔር መንግሥት እንደማይሆን ተናግሯል፤ ማረሻ በሚጨበጥበት በጎጃም ይህ ቃል ከየትም ይልቅ ይከብዳል። ነገር ግን የተነገረው ስለ መንግሥተ ሰማያት ነው፤ ገበሬው በሕይወቱ ስለያዘው እጀታ ሁሉ አይደለም። ያው ገበሬ አምና ጤፍ በዘራበት ማሳ ዘንድሮ ባቄላ ይዘራል፤ ጤፍን ከዳ የሚለው የለም፣ እንዲያውም መሬቱን የሚያውቅ ነው ይባላል። «ዛሬ ጨዋታውን የተወ ነገ ትዳሩን ይተዋል» የሚሉም አሉ። እኔ የምፈራው ተቃራኒውን ነው። ያልወደደውን እንደ ወደደ እያስመሰለ ዓመታት የሚቆይ ሰው ማስመሰልን ይለምዳል፤ ለማይገደድበት ነገር ያባከነው ጽናትም እውነተኛው ግዴታ በመጣ ቀን ያጥረዋል። ስንፍና የሚታወቀው በሌላ ምልክት ነው፤ የተለቀቀው ጊዜ ወዴት እንደሄደ ይታይ። ከሜዳው የቀረው ሰው ሰዓቱን ለልጆቹ፣ ለንባብ፣ ለታመመ ጎረቤት ካዋለው ፍቅሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልሞተም። ገናንም፣ ሰንበቴንም፣ የባልንጀራ ቤትንም በአንድ ጊዜ ጠልቶ ከቤት መውጣት ካቃተው ግን ችግሩ ከጨዋታው አልመጣም። ያ ሰው የሚያስፈልገው ምክርና ሕክምና ነው፤ ጨዋታን ስለ መተው መከራከር አይረዳውም።

ሐዘንንም ከስልቹነት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በዘለቀው ጦርነት ጎጃም ብዙ ሰው ቀብሯል። በእንዲህ ያለ ዘመን የገና ደስታ ከልቡ የጠፋበት ሰው «ሰለቸኝ» ቢል ራሱን በትክክል አልገለጸም፤ አዝኗል። ያዘነ ሰው ስለ ደስታው የመጨረሻ ውሳኔ ባይሰጥ ይሻለዋል፤ ሐዘን ሲቀል ፍቅሩ ሊመለስ ይችላልና። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የቅርስ ክርክር ነው፤ እያንዳንዱ እየሰለቸው ከወጣ ጨዋታው ራሱ ይጠፋል፣ ሜዳውንም እግር ኳስ ይወስደዋል ይላሉ። ሥጋቱ እውነት ነው፤ እኔንም ያሳስበኛል። ይሁንና የቅርስ አደራ የተጣለው በማኅበረሰቡ ላይ ነው። ማኅበረሰቡ አደራውን የሚወጣው ልጆችን በማስተማር፣ ለሜዳ የሚሆን ቦታ በማስከበር፣ ዱላ የሚያበጅ እጅ እንዳይጠፋ በመጠበቅ ነው። ልቡ የቀዘቀዘን ጎልማሳ በይሉኝታ ሜዳ ማቆም ቅርስን አያድንም። ልጆች ከታላላቆቻቸው ፊት ላይ የሚያነቡት ነገር አለ፤ መሰልቸትን ካነበቡ የሚወርሱት መሰልቸትን ነው።

በመጨረሻም መተው ሲባል ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ መውጣት ማለት አይደለም። ይህን ከጎልፍ ታሪክ መማር ይቻላል። አሜሪካዊው ቦቢ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1930 የዘመኑን አራት ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ ከውድድር ዓለም ተሰናበተ። የውድድሩ ጭንቀት ሰውነቱን ይጎዳው ነበር። የተወው ግን ጭንቀቱን ነው እንጂ ጎልፍን አልነበረም። ከወዳጆቹ ጋር መጫወቱን ቀጠለ፤ ከሌሎች ጋር ሆኖ የኦገስታን ሜዳ መሠረተ፣ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1934 እስከ ዛሬ የዘለቀው ታላቅ ውድድር ተጀመረ። ከጨዋታው የትኛው ክፍል እንደሰለቸው ለይቶ ማወቁ ነው የረዳው። የገና ተጫዋችም እንዲሁ ራሱን መጠየቅ ይችላል፤ የሰለቸኝ ጥንጉ ነው ወይስ የመንደር ፉክክሩ? ሩጫው ነው ወይስ ስድቡ? ፉክክሩ ብቻ ከሆነ ዳኛ ሆኖ፣ ወይም ልጆችን አሠልጣኝ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

እንግዲህ ጎልፍም ይሁን ገና የሰለቸህ ወንድሜ፣ በተሸነፍክበት ቀን፣ በታመምክበት ሳምንት፣ ወይም ሐዘን በቤትህ ባለበት ዓመት አትወስን። አንድ ወቅት አሳልፍ፤ ከንስሓ አባትህ ወይም ከምታምነው ባልንጀራህ ጋር ተማከር። ያን ሁሉ አድርገህ ልብህ ካልተመለሰ ባልንጀሮችህን አመስግነህ፣ ዱላህን ለሚፈልገው ልጅ ሰጥተህ ሳታፍር ውጣ።