የምንጥለውና የማንጥለው

በዚህ ዕትም አብረን የምናስበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ለጋራ ሥራ ሲባል መልካም የሆነን ነገር መተው መቼ ትክክል ነው? መቼስ በደል ይሆናል? ጥያቄው ከባድ ይመስላል፤ የምናይበት መስኮት ግን ቀላል ነው። የካርድ ጨዋታ ነው።

ካርታ ሲባል ብዙዎቻችሁ ቁማር ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ወላጆቻችሁ ከቁማር ቢጠብቋችሁ ልክ ናቸው። የምነግራችሁ ጨዋታ ግን ገንዘብ የማይያዝበት፣ ተጫዋቾቹም እርስ በርስ የማይሸናነፉበት ነው። ማርቬል ቻምፒየንስ ይባላል፤ ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አወጣው። ከአንድ እስከ አራት ሰው ይጫወተዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ ስፓይደርማን፣ እንደ ብላክ ፓንተር ወይም እንደ አይረን ማን ያለ አንድ ልዕለ ኃያል ጀግና ይይዛል። ክፉውን የሚጫወት ሰው የለም፤ እርሱ በራሱ ካርዶች ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻም ወይ ሁሉም አብረው ያሸንፋሉ፣ ወይ ሁሉም አብረው ይሸነፋሉ። ጨዋታውን አይታችሁት የማታውቁ ብትሆኑም ወንፈልንና ደቦን የምታውቁ መንፈሱን ታውቁታላችሁ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረታችንንም ስፓይደርማን ቢሰማው ደስ ይለው ነበር።

የዚህ ጨዋታ ግማሹ የሚካሄደው ጠረጴዛው ላይ ከመቀመጥ በፊት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የሚጫወትበትን የካርድ ስብስብ ራሱ ያዘጋጃል። ስብስቡ ከ40 ማነስ፣ ከ50 መብለጥ የለበትም። ከእነዚህ ውስጥ 15ቱ የጀግናው የራሱ ናቸው፤ አይወጡም፣ አይለወጡም። የቀሩትን ተጫዋቹ ይመርጣል፤ ለዚህም እንደ ማጥቃት፣ ፍትሕ፣ አመራር፣ ጥበቃ ካሉት መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ይይዛል።

ጀማሪ ተጫዋች ሁልጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ጥሩ ካርድ ሁሉ አይቅርብኝ ብሎ 50 ይሞላል። ሒሳቡን እስቲ ተመልከቱ። በመጀመሪያ ስድስት ካርድ ብታነሡ፣ በጣም የምትፈልጉት አንድ ካርድ ከ40 ውስጥ የመውጣት ዕድሉ 15 በመቶ ነው፤ ከ50 ከሆነ ግን ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። አሥሩ የተጨመሩ ካርዶች መጥፎ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ጥሩ ናቸው። ግን ዋናውን ከእጃችሁ ያርቁታል። ስለዚህ የበሰለ ተጫዋች «ምን ልጨምር?» ከማለቱ በፊት «ምን ላውጣ?» ይላል። ከተጫወተ በኋላም ተመልሶ ያያል፤ ሳይጠቅመው እጁ ላይ የቆየውን ካርድ አውጥቶ ሌላ ይሞክራል።

ዋጋ የሚከፈልበትም መንገድ አለ። አንድ ካርድ ለመጫወት በእጃችሁ ካሉት ሌሎች ካርዶች ትጥላላችሁ። ዋጋው ሦስት የሆነ ትልቅ ካርድ ካወጣችሁ፣ ሦስት ሌሎች ሊሄዱ ይችላሉ። «ይህን አድርጌያለሁ» የምትሉት እያንዳንዱ ነገር «ያንን አላደረግሁም» የምትሉትን ይዞ ነው የሚመጣው።

ይህ የእኛም ኑሮ አይደለምን? በኅብረታችን ውስጥ መዘምራንም፣ ድራማም፣ ጸሎት ቡድንም፣ የሕፃናት ትምህርትም፣ የድምፅ መሣሪያም ላይ ያለ ወጣት ታውቃላችሁ። ሁሉም መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ልምምድ ላይ ደክሞ ይመጣል፤ ሕፃናቱን ሳይዘጋጅ ያስተምራል፤ ትምህርቱም ይጎዳል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እንዲህ ያለው ወጣት አንዱን መልካም አገልግሎት ቢተው ሰነፈ ማለት አይደለም፤ የቀረውን በሙሉ ልቡ ለማገልገል ተዘጋጀ ማለት ነው። ዳዊትም የሳኦልን የጦር ልብስ አውልቆ በወንጭፉ ሲወጣ (1ኛ ሳሙኤል 17) ልብሱን ንቆ አልነበረም። ልብሱ ጥሩ ነበር፤ ለእርሱ ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ከጎናችን ያለውን ሰው ይመለከታል። አራት ተጫዋቾች አራቱም ማጥቃትን ቢመርጡ፣ ሁሉም ብርቱ ይመስላሉ። ክፉው ግን በመምታት ብቻ አይደለም የሚያሸንፈው፤ ሴራውን ከፈጸመም ያሸንፋል። ሁሉም ሲመታ ሴራውን የሚያከሽፍ፣ የቆሰለውን የሚሸፍን ይጠፋል። ስለዚህ «ለእኔ የሚበጀው የቱ ነው?» ብቻ ብሎ የተዘጋጀ ስብስብ፣ ብቻውን ሲታይ ያማረ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ሊጎዳ ይችላል። በጉና ተራራ ግርጌ ገብስ ለማጨድ ወንፈል ሲጠራ፣ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ቢመጣና ነዶውን የሚሸከም ቢጠፋ ሥራው ምን ይሆናል? ነዶ ተሸካሚው ከአጫጁ አያንስም።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ይህ ሐሳብ አደገኛ ጎንም አለው። «ለጋራው ሥራ ሲባል የማይጠቅመውን አውጣ» የሚለው ቃል ከካርድ ወደ ሰው ሲሻገር ይመርዛል። ድምፁ የማያምር ከመዘምራን ይውጣ፤ የሚንተባተብ አይጸልይ፤ ከገጠር የመጣችውና ገና ያልለመደችው ልጅ ዳር ትቀመጥ፤ ኅብረቱ ይጥራ! እንዲህ ብለን ስንናገር ጥራት ያልነው ነገር በደል ሆኗል።

የጨዋታው ሕግ ራሱ ይህን ይከለክላል። እያንዳንዱ ተጫዋች ማጥራት የሚችለው የራሱን ስብስብ ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው ሰው ደካማ ነው ብሎ ከጠረጴዛው ሊያነሣው የሚፈቅድለት ሕግ የለም። ሰዎቹ የተሰጡት ናቸው፤ ካርዶቹ የሚመረጡ ናቸው። እንዲያውም ጓደኛው ሲደክም የእርሱ ሥራ የራሱን ካርዶች መለወጥ ነው፤ ለጓደኛው ጋሻ የሚሆን ካርድ ማስገባት። የሚያጠቃውን አውጥቶ የሚከላከለውን ሲያስገባ የራሱ ጀግና ትንሽ ይደበዝዛል፤ ቡድኑ ግን ይቆማል።

«እግዚአብሔር ራሱ የጌዴዎንን ሠራዊት ከ32,000 ወደ 300 አልቀነሰምን?» የሚል ወጣት ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መሳፍንት 7ን ደግመን ብናነብ ግን ቀናሹ ጌዴዎን አልነበረም። ምክንያቱም የተመለሱት ሰዎች ከንቱ ስለሆኑ አልነበረም፤ እስራኤል በራሱ እጅ ዳንሁ ብሎ እንዳይመካ ነበር። ጠላት በሸሸ ጊዜም የንፍታሌም፣ የአሴርና የምናሴ ሰዎች ለማሳደድ ተጠሩ። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ስለ አካል ሲጽፍ፣ ደካማ የሚመስሉትን ብልቶች የሚያስወጣ ሳይሆን አስፈላጊነታቸውን የሚያስረዳ ነው።

በዚህችው በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲሠሩ ያዘዙት እዚያ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ ወራት በፈጀ ጉዞ መቅደላ ደረሰ። የንጉሡን ጀግንነትና አንድነትን የመሻት ሕልማቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን መድፉ ተራራው ላይ ሲወጣ ብዙው ጦር ከድቷቸው ነበር፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ እዚያው ሞቱ፤ መድፉም እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። ትልቁ ነገር ደረሰ፤ ሰው ግን አልቀረም። ከሰው ይልቅ ለታላቁ ዕቃችን፣ ለታላቁ ፕሮግራማችን፣ ለታላቁ መድረካችን የምንደክም ከሆነ፣ ይህ ታሪክ የደጃችን ትምህርት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ባሉ ጨዋታዎች የታወቀ ችግር አለ፤ አንድ ጎበዝ ተጫዋች የሁሉንም እጅ እያየ «አንተ ይህን ጣል፣ አንቺ ያንን አውጪ» እያለ ብቻውን ይጫወታል። ምናልባት ያሸንፉ ይሆናል። ሦስቱ ግን አልተጫወቱም። በኅብረታችንም ሥራው ተሠርቶ ሰዎቹ ያላደጉበት ጊዜ ካለ፣ ያሸነፍነው ምንድን ነው?

እንግዲህ መለያው ይህ ይመስለኛል፦ መተው መልካም የሚሆነው የሚተወው የራስ ነገር ሲሆን፣ የሚተውለትም ሰው ሲሆን ነው። የሚተወው ሰው፣ የሚተውለትም ነገር ሲሆን በደል ነው።

በሚቀጥለው የኅብረት ቀናችሁ ይህን ሞክሩ። እያንዳንዳችሁ የያዛችሁትን አገልግሎት ሁሉ በወረቀት ጻፉ። እግዚአብሔር የሰጣችሁና ከእናንተ የማይወጣው የቱ ነው? ጥሩ ስለሆነ ብቻ የያዛችሁትስ? በመጨረሻም ወረቀቱን ዘርግታችሁ ቀና በሉ፤ ክበቡ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ወንድም፣ የተቀመጠችውን እኅት እዩ። ከወረቀታችሁ ላይ አንዱን ብትተዉ ለእርሱ ወይም ለእርስዋ ቦታ ይከፈት ይሆን? መልሱን ለመሪ ሳይሆን ለእነርሱ ንገሯቸው። ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።