የተዘለሉት ዓመታት

ልጄ «ሀውስ ኦፍ ዘ ድራጎን» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ስታይ አብሬያት ተቀመጥኩ። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከሚተርከው ዘመን በፊት የሆነውን ያሳያል። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የጀመረው የመጀመሪያው ምዕራፍ አምስት ክፍል ሄዶ ስድስተኛው ላይ አሥር ዓመት ይዘላል። ልዕልት ሬኒራ ከሚሊ አልኮክ ወደ ኤማ ዳርሲ ዞረች፤ አብሮ አደጓ አሊሰንትም ከኤሚሊ ኬሪ ወደ ኦሊቪያ ኩክ። ንጉሡ ግን ያው ፓዲ ኮንሲዳይን ነው። ሴቶቹን ተኮራርፈው ትተናቸው ባላንጣ ሆነው አገኘናቸው።

«ይቺ እኮ ሬኒራ አይደለችም!» አለች ልጄ። ድሮ ሳስተምር፣ ገጸ ባሕርይው ለምን እንደተለወጠ ላላሳየ ተማሪ ማርክ አልሰጥም ነበርና ፈረድኩላት። ግን እኛስ የማንወዳቸውን ዓመታት አንዘልም ወይ? አፄ ቴዎድሮስን ከ1847ቱ የደረስጌ ዘውድ አንስተን 1860 መቅደላ ላይ እናደርሳቸዋለን፤ በ1859 ጎንደርን ያቃጠሉትን ሰው ፊት ለማየት ብዙዎቻችን አንደፍርም።

የኔ ይባስ። አንድ ሐሙስ፣ በገበያው ቀን፣ ሐሙሲት ከሚኒባስ ስወርድ አንድ ሽበታም ሰው «አላወቅኸኝም?» አለኝ። ገንዘቤን ይዞ የቀረ አብሮ አደጌ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቂም የያዝኩት ግን ጠጉሩ ጥቁር በሆነ፣ ሳቂታ ጎረምሳ ላይ ነበር። ይሄኛውን ምን ልበለው? ፊት ስለተቀየረ ዕዳ አይሰረዝም፤ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው።

«እናትህን ስንቀብር አልነበርክም» አለኝ፣ ወቀሳም ሳይመስል። እውነቱን ነው፤ እኔ የደረስኩት ለአርባዋ ነበር።

ገንዘቡን ሳላነሳ ቡና አዘዝኩ። ሂሳቡን እሱ ከፈለ።