ደመወዝና ምሕረት፤ ስለ ነርሶች ሳምንት

ሰው ጤነኛ ሳለ በገዛ ጉልበቱ ይመካል፤ በታመመ ጊዜ ግን የሌላውን እጅ ይሻል። ያ እጅ አብዛኛውን ጊዜ የአስታማሚ፥ በዘመናችን አጠራር የነርስ እጅ ነው።

በአርባ ምንጭ በሽተኛ ልጠይቅ በምሽት ወደ አንድ ሆስፒታል ገብቼ ነበር። ከጨንቻ ደጋ የመጡ አንድ ሽማግሌ በጽኑ ታመው ተኝተዋል፤ አንዲት ነርስም አጎንብሳ ገላቸውን ታጥባለች። ስትጨርስ ሽማግሌው «ሲስተር፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። አጠገባቸው የቆመው ዘመዳቸው ግን ወደ እኔ ዘወር ብሎ፥ «አባ፥ ምን ያስመሰግናታል? ደመወዟ አይደለም?» አለኝ። በዚያች ሰዓት የሚገባውን መልስ አጣሁ፤ አሁን ልመልስ።

አስቀድሞ ስለ በዓሉ አመጣጥ ጥቂት እንበል። ፍሎሬንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1820 ተወለደች። በ1854 በክሪምያ ጦርነት የቈሰሉትን ልታስታምም 38 ሴቶችን አስከትላ ሄደች፤ በ1860ም በለንደን የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተላት። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት ከ1965 ጀምሮ የነርሶችን ቀን ያከብራል፤ በ1974 ቀኑ የልደቷ ዕለት እንዲሆን ተወሰነ። ይህም በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 4 ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከሚያዝያ 28 እስከ ግንቦት 4 ያለው ሳምንት ለነርሶች ክብር ተሰጥቷል።

በአገራችንም ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረዋል። የንጉሥ ልጅ ሲሆኑ የታመመ ሕፃን ማጠብን እንደ ውርደት አልቈጠሩትም። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው በነቀምቴ ዐረፉ።

እንግዲህ ደመወዝ ምሕረትን ይሽራልን? ተብሎ ቢጠየቅ፥ ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ያስተማረውን ምሳሌ እንመልከት። ወንበዴዎች ያቈሰሉትን ሰው ካህኑ አይቶ አለፈው፤ እኔም ካህን ነኝና ይህን ቃል ባነበብሁ ቍጥር እፈራለሁ። ሳምራዊው ግን ቍስሉን አሰረ፤ ወደ እንግዶች ማደሪያም ወሰደው፤ በማግሥቱ ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ መንገዱን ቀጠለ።

መተርጉማን አባቶች ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን፥ ሁለቱን ዲናር በብሉይና በሐዲስ ይመስሉታል። ምሥጢሩ ይህ ነው፤ ነገር ግን ንባቡንም አንለፈው። ሳምራዊው ከሄደ በኋላ ያንን ቍስለኛ ማን አስታመመው? ጠባቂው ነው። ጠባቂውም ዋጋ ተቀብሏል። በክፍያው ምክንያት የሳምራዊው ቸርነት አልጐደለም፤ ያለ ጠባቂው ድካም ግን ቸርነቱ የአንድ ሌሊት ብቻ በሆነ ነበር።

በጋሞ ደጋም ይኸው ይታያል። በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ቍልቍለቱን መውረድ የጎረቤት ዕዳ ነው። ተሸካሚዎቹ ግን ከሆስፒታሉ ደጅ አድርሰው ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፤ ሌሊቱን ከበሽተኛው ጋር የምታነጋው ነርሷ ናት። እርሷም ልጆች አሏት፤ ባትከፈል ኖሮ በማግሥቱ ሌሊት ማን ይቆም ነበር? ስለዚህ ደመወዝ ምሕረትን አይሽርም፤ ምሕረት ውሎ እንዲያድር የሚያደርግ ስንቅ ነው።

ደግሞም ሳምራዊው ከሁለቱ ዲናር በላይ የሚወጣውን ሁሉ ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገብቷል። ደመወዝ የሰዓቱና የእጁ ዋጋ ነው። በሽተኛው ሲቈጣ መታገሥ፥ የሚያፍረውን ሸፍኖ ማጠብ፥ ለሚሞተው መልካም ቃል መናገር ግን በደመወዝ መዝገብ አይጻፍም። ትርፉ ይህ ነው፤ ባለዕዳዎቹም እኛ ነን። የነርሶች ሳምንት ይህን ዕዳ የምንቈጥርበት ጊዜ ነው።

ዕዳውም በአበባና በንግግር ብቻ አይከፈልም። ሹም የሆነ ደመወዟን በጊዜው ይስጥ፤ ለሥራዋ የሚያስፈልጋትን ሳሙናና ጓንት አያሳጣት፤ ከአቅሟ በላይ በሽተኛ አይጫንባት። ዘመድ የሆነም በጭንቀቱ ሰዓት አይስደባት። በየሆስፒታሉ ነርሷን «ሲስተር» እንላታለን፤ ትርጓሜው እኅት ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ብዙዎችን የረዳችውን ፌቤንን እኅታችን ብሎ ጠርቷታል። በአፋችን እኅት ብለን በልባችን ቅጥረኛ ካደረግናት ስሙ ይፈርድብናል።

ያ ዘመድ ዛሬ ቢጠይቀኝ፥ «ልጄ፥ ደመወዟን ተቀብላለች፤ ምስጋናዋን ግን ገና አልከፈልንም» እለው ነበር። ለሚያስታምሙ ብርታትን፥ ለሚታመሙ ፈውስን፥ ለእኛም ውለታ የማይረሳ ልብ ይስጠን። አሜን።