የባሕር ወለል ርስትና የባለአደራ ግዴታ

አንድ ሀብት የሁሉ ነው ከተባለ፥ ለማንሣት ጥበብና ኀይል ያለው ሰው ከሌለው ሰው የበለጠ መብት አለውን? ይህ ጥያቄ ጥንታዊ ቢሆንም፥ በዘመናችን ከጥልቅ ባሕር ወለል ማዕድን ለማውጣት በሚደረገው ጥረት ምክንያት እንደ አዲስ ተነሥቷል።

ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ እ. ኤ. አ. ከ1872 እስከ 1876 ውቅያኖሶችን እየዞረች ስትመረምር፥ ድንች የሚያካክሉ ጥቋቁር ድንጋዮች ከባሕር ወለል አወጣች። እነዚህ ድንጋዮች እጅግ በዝተው የሚገኙት በፓሲፊክ ውቅያኖስ፥ በሐዋይና በሜክሲኮ መካከል፥ ከ4ሺህ እስከ 6ሺህ ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ነው። ማንጋኒዝ፥ ኒኬል፥ መዳብና ኮባልት አላቸው። የሚያድጉትም በሚሊዮን ዓመት ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው።

መሐንዲሶች እነዚህን ለማንሣት የደረሱበት ጥበብ የሚያስደንቅ ነው። እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄድ መኪና ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ በዚያም ያለው ግፊት በባሕር ዳር ካለው የአየር ግፊት 400 እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። መኪናው ውሃ በኀይል እየረጨ ድንጋዮቹን ከጭቃው ያላቅቃል። ከመርከቡ በተዘረጋው ረጅም ቧንቧ ውስጥ የታመቀ አየር ሲገባ፥ ውሃው ቀልሎ ድንጋዮቹን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። በ2022 በተደረገ ሙከራ 3ሺህ ቶን ያህል በዚህ መንገድ ወጥቷል።

ድካሙ ግን በዚህ አያበቃም። በየብስ እንዳለው እንደ አብዛኛው የመዳብ ማዕድን ፈጭቶ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት አይቻልም፤ ኒኬሉና መዳቡ ከማንጋኒዙ ጋር እጅግ ደቅቀው የተዋሐዱ ናቸውና፥ ድንጋዩ በእሳት መቅለጥ ወይም በኬሚካል መሟሟት አለበት። ከ100 ኪሎ ደረቅ ድንጋይ ውስጥ ማንጋኒዙ 30 ኪሎ ያህል ሲሆን፥ ኒኬሉ፥ መዳቡና ኮባልቱ ተደምረው 3 ኪሎ አይሞሉም። ትርፍራፊው የት ይጣል የሚለው ጥያቄ እስከ የብስ ድረስ ይከተለናል።

ሥራውን የሚደግፉ ሰዎች ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ኒኬልና ኮባልት ለብዙ ዐይነት የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ያስፈልጋሉ፤ በኮንጎ ሕፃናት ሳይቀሩ ኮባልት ሲቆፍሩ ታይተዋል፤ በኢንዶኔዥያም ስለ ኒኬል ሲባል ደን ይመነጠራል። እንግዲህ ሰው ከሌለበት ወለል ማውጣት አይሻልምን ይላሉ። ይህን ቃል በንቀት አናልፈውም። ነገር ግን ባሕሩ ስለ ተቆፈረ የኮንጎው ልጅ ከጉድጓዱ ይወጣል የሚል ዋስ ማን ይሰጠናል? በአንድ ስፍራ የተሠራ በደል በሌላ ስፍራ ለሚሠራው ፈቃድ አይሆንም።

በ1967 የማልታው መልእክተኛ አርቪድ ፓርዶ ይህን ጉዳይ ለተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ አቀረቡ። በ1982 የተፈረመው የባሕር ሕግም፥ ከአገሮች ወሰን ውጭ ያለው ወለልና ማዕድኑ የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ርስት መሆኑን፥ ጥቅሙም እንደኛ ባሕር ለሌላቸው አገሮች ጭምር መሆኑን ደነገገ።

ርስት የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሙት ልጅ ሞግዚት የመሬቱን ፍሬ ለልጁ ማሳደጊያ ያውለዋል፤ መሬቱን ራሱን ቢያጠፋው ግን አደራ በላ ይባላል። የባሕሩ ድንጋይ ደግሞ በየዓመቱ የሚታጨድ ፍሬ አይደለም፤ በላዩ ተጣብቀው የሚኖሩ ፍጥረታት ስላሉም፥ ድንጋዩ ሲነሣ መኖሪያቸው አብሮ ይነሣል። በ1989 ሊቃውንት በፔሩ አቅጣጫ ያለውን ጥልቅ ወለል ለሙከራ አርሰውት ነበር፤ ከ26 ዓመት በኋላ ሲመለሱ ፈሩ ገና ሳይደፈን ቆያቸው።

ስለዚህ ድንጋዩ እንዴት ይነሣ የሚለውን ለመሐንዲሶች ብንተውም፥ ይነሣ ወይስ ይቅር የሚለው የባለርስቶች ሁሉ ጉዳይ ነው። ከባለርስቶቹም የሚበዙት ገና አልተወለዱምና፥ ጉዳቱ የሚጠገንበትን መንገድ ሳያሳይ እጁን የሚዘረጋ ሰው የእነርሱን ድርሻ ያለ ፈቃዳቸው ይወስዳል። ሚሊዮን ዓመታት የቆየ ሀብት፥ እስክንመካከር ጥቂት ዓመት ቢቆይ አይጎድልበትም።