የማን እንባ ነው?



የሙዚቃ ቪዲዮ ስንመለከት ዘፋኙ በአንዱ ስንኝ ተራራ ላይ፣ በሚቀጥለው ሐይቅ ዳር ቆሞ እናየዋለን። ድምፁ ግን አይቋረጥም፤ ነፋስም አይሰማበትም። ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ ተቀርጿልና ካሜራ ፊት የሚደረገው የተቀረጸውን እየሰሙ ከንፈርን ማንቀሳቀስ ነው። ከዚያም ኤዲተሩ በልዩ ልዩ ቀንና ቦታ የተነሡትን ምስሎች ቆርጦ፣ ከዜማው ምት ጋር አስማምቶ ይቀጥላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ኤም ቲ ቪ የተባለው ጣቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህን አሠራር ያልለመደ ወጣት ጥቂት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ውሸት ነውን? አይመስለንም። ዘፋኙ በአንድ ትንፋሽ ከተራራ ወደ ሐይቅ እንዳልዘለለ ተመልካቹ ያውቃል። ሁሉ የሚያውቀው ልማድ ማንንም አያታልልም።

ነገር ግን መቁረጥና መቀጠል ከዚህ የበለጠ ኃይል አለው። ሩስያዊው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ አደረገው ተብሎ የሚተረክ ሙከራ አለ። የአንድን ተዋናይ ያንኑ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፣ ሌላ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቢቀጥለው፣ ተመልካቾች በፊተኛው ረሃብን፣ በኋለኛው ሐዘንን አየን አሉ። ፊቱ ግን አልተለወጠም ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። የመዝሙር ቪዲዮ ስናዘጋጅ አንዲት እናት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ በሌላ ቀን፣ ስለ ሞተ ልጃቸው ሲያለቅሱ የተነሣ ምስል አገኘን እንበል። ይህንን ከመዝሙራችን መካከል ብናስገባው ተመልካቹ፣ «መዝሙሩ ልባቸውን ነካው» ይላል። እኛ አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገርንም። ሆኖም ያልተጠየቁትን እናት ሐዘን ወስደን ለራሳችን ዝማሬ ምስክር አቁመነዋል። በሐሰት እንዳንመሰክር የታዘዝነው በአንደበት ብቻ አይደለም።

«ዓላማው መልካም ነው፤ ብዙዎችን ለንስሐ ያነሣሣል» የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ ቀን ቢታወቅ ተመልካቹ እውነተኛውንም እንባ መጠራጠር ይጀምራል።

ስለዚህ ምስል ከመቀጠላችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ እኒያ እናት አጠገባችን ተቀምጠው ቢመለከቱት ቀና ብለን ልናያቸው እንችላለንን? ካልቻልን ምስሉን እናውጣው። መዝሙሩ ያለ እርሳቸው እንባ ይቅረብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።