በጾም የተረፈው የማን ነው?

ነቢዩ አሞጽ መስፈሪያ የሚያሳንሱትንና ዋጋ የሚያስወድዱትን ነጋድያን አጥብቆ ገሥጿል። በአራዳም እስከ 1928 ዓ.ም. የጠላት ወረራ ድረስ ገበያው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበርና፥ ሚዛን የያዘ ሁሉ ጉልላቱን ያይ ነበር። ጠላት ገበያውን ወደ መርካቶ ቢያዛውረውም ዳኛው እግዚአብሔር ግን ከስፍራው አልተዛወረም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በዘጠነኛው ቀን ጾመ ፍልሰታ ገባ። በጾም ቅቤ ቀርቶ ወጡ በዘይት ይሠራል፤ ዘይቱም አብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ውድነቱ የጾመኛውን ድስት ይነካል። እናት ጤፉን ከሩዝ ትደባልቃለች፤ ሽሮውን ታቀጥናለች፤ ልጆቿን አብልታም «እኔ በልቻለሁ» ትላለች። ይህ ረኀብ ነው እንጂ ጾም አይደለም፤ ጾም በፈቃድ፥ ረኀብ ግን በማጣት ነውና።

እንግዲህ ያለው ሰው በጾሙ የተወውን የምሳ ዋጋ በኪሱ ቢያስቀር፥ ጾሙ ቁጠባ ሆነ እንጂ ምጽዋት አልሆነም። ያ ገንዘብ የዚያች እናት ነው። ነጋዴው እህል አይሸሽግ፤ መስፈሪያውንም ይሙላ። ካህኑ የንስሓ ልጆቹን ሲጎበኝ በሞሰቡ እንጀራ መኖሩን ይጠይቅ። የሰራፕታዋ መበለት ከእፍኝ ዱቄቷ ለነቢዩ ብታካፍል ማድጋዋ አልጎደለምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።